በቆጂን ያስሮጡት የሐረር ልጅ

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር አሸናፊ ስትሆን፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በልጅነቷ ሩጫ ካሠለጠኗት አንዱ በአርሲ የምትገኘው የበቆጂ ከተማ መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። የአርሲ ሰው የሚመስሏቸው ብዙ ናቸው፤ የትውልድ ከተማቸው ግን ሐረር ናት።

ሐረር ስሟ የሚነሳው በጀጎል ግንብና በአምስቱ በሮቿ፣ በቡናዋና በጅቦቿ እንጂ በሯጭ አይደለም። ስንታየሁንም በቆጂ ያደረሳቸው የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ነው፤ የተመደቡት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር።

የተለመደው የአሠልጣኝነት መንገድ ግን ሌላ ነው። በዚያው በባርሴሎና ኦሎምፒክ ባድሜንተን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆነ። በወንዶች ጥንድ ከኪም ሙን ሱ ጋር ወርቅ የወሰደው ደቡብ ኮሪያዊ ፓርክ ጁ ቦንግ ከጊዜ በኋላ የጃፓን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ፣ በሪዮ ኦሎምፒክ ጃፓንን ለመጀመሪያው የባድሜንተን ወርቋ አብቅቷል። ብዙ ታዋቂ አሠልጣኞች የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ሜዳሊያ፣ ቀጥሎ ፊሽካ።

ስንታየሁ የገቡት በመማሪያ ክፍል በር ነው። ልዩነቱም ትልቅ ነው። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የሚረከበው ተመርጦ ያለቀለትን አትሌት ነው፤ የትምህርት ቤት መምህር ግን ማንም ሳይመርጠው የከተማውን ልጅ ሁሉ ሲሮጥ ያያል።

በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሰውነት ኦክስጅን የሚያጓጉዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ልምምዱ ማለዳ ነው። ልጆቹ በባሕር ዛፉ መሐል አንዱ ሌላውን ተከትሎ በሰልፍ ይሮጣሉ፤ ግንዶቹን ግራና ቀኝ እየታጠፉ ያልፋሉ። መታጠፉ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል፤ የኋላው የፊተኛውን ምት መጠበቅ ይለምዳል።

ከዚህች ከተማ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። በቤጂንግ ኦሎምፒክ በወንዶችም በሴቶችም የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር አራቱን ወርቆች የወሰዱት ቀነኒሳና ጥሩነሽ ናቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ ሲገቡ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ይረከቧቸው ነበር፤ በድል ቀን ከአትሌቱ ጎን በካሜራ የሚታዩትም እነሱ ነበሩ። የስንታየሁ ድርሻ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ያለቀ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ሯጭ የሚፈልግ ክልል፣ ሐረርም ብትሆን፣ ከስታዲየም በፊት ለሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ሜዳና ሰዓት ይስጠው።