የፊትን መጨማደድ ስለሚያለሰልስ መርፌ

ሰው በዕድሜ እየገፋ በሄደ ጊዜ ግንባሩና የዓይኑ ዳር መጨማደዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። በዘመናችን ግን ቦቶክስ በሚባል መድኃኒት ፊትን በመርፌ ማለስለስ በብዙ አገር ተለምዷል። ይህን ያሰቡ ወይዛዝርትና መኳንንት ጥቅሙንና ጉዳቱን አስቀድመው ያመዛዝኑ ዘንድ ጥቂት እንጽፋለን።

የመድኃኒቱ ሥር መርዝ ነው። ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለ የጀርመን ሐኪም ከ200 ዓመት በፊት ከተበላሸ ቋሊማ የሚመጣውን ገዳይ በሽታ መርምሮ ጻፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ደግሞ በቤልጅግ አገር የአሳማ ሥጋ የበሉ ሰዎች በታመሙ ጊዜ፣ ሊቁ ኤሚል ቫን ኤርመንገም የመርዙን ምንጭ ረቂቅ ተሕዋስ አገኘ። መርዙ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚተላለፈውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ ሲወጋም ፊትን የሚያጨማድደው ጡንቻ ይላላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1989 ለዓይን መንሸዋረር፣ በ2002 ደግሞ በቅንድቦች መካከል ላለው መጨማደድ ፈቀደው። ኃይሉ ግን የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ መጨማደዱ ይመለሳል።

ጉዳቱም በየደረጃው ነው። ቀላሉ የተወጋው ስፍራ መቅላት፣ ማበጥና መበለዝ፣ እንዲሁም ራስ ምታት ነው። መርዙ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ቢፈስ የዓይን ሽፋን ይወድቃል፤ ቅንድብም ይዛባል፤ ይህም በጊዜ ብዛት ይለቃል እንጂ ወዲያው አይድንም። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ምንም እንኳ ጥቂት ሰው ላይ ቢደርስ፣ መርዙ በሰውነት ተሰራጭቶ መዋጥን፣ መናገርንና መተንፈስን ሲያውክ ነው። ምልክቱ ከሰዓታት አንሥቶ እስከ ሳምንታት ድረስ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፤ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይድረስ። ስለዚሁ ነገር ያው መሥሪያ ቤት በ2009 በመድኃኒቱ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ከ2023 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 2024 መጀመሪያ ወራት ድረስ በአሜሪካ በ11 ግዛቶች 22 ሴቶች ከእንዲህ ያለ መርፌ በኋላ ታመሙ፤ ከእነርሱም 11ዱ ሐኪም ቤት ተኙ። ከታመሙት አንዳንዶቹ የተወጉት ሐሰተኛ መድኃኒት ነበር፤ ብዙዎቹንም የወጋቸው ፈቃድ የሌለው ወይም ያልሠለጠነ ሰው ነበር።

ስለዚህ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከዚህ መርፌ ይራቁ። የቀረውም ቢሆን የሚወጋውን ሰው ፈቃድና የመድኃኒቱን ምንጭ ሳይጠይቅ ፊቱን አይስጥ። ለጥቂት ወር ውበት ተብሎ እስትንፋስን ለማይታወቅ እጅ አሳልፎ መስጠት የአስተዋይ ሰው ሥራ አይደለም።