ሰው ቢሰደድም ዕዳው አገር ቤት ይቀራል

ወደ ሪያድ ወይም ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ወጣት ብዙ ጊዜ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ዕዳ ገብታለች። ለደላላና ለጉዞ የተበደረችው ገንዘብ የሚመለሰው ገና ካልጀመረችው ሥራ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 150 ሺህ ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ብትበደር ወለዱ ብቻ በየወሩ 15 ሺህ ብር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ የ1 ሺህ ሪያል ደሞዝ ከ15 ሺህ ብር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሙሉ ደሞዟን ብትልክ እንኳ ዋናው ብድር ንቅንቅ አይልም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለገንዘብ ብድር ያስቀመጠው የወለድ ጣሪያ ግን በዓመት 12 በመቶ ነው፤ ለዚሁ ብድር በወር 1,500 ብር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አራጣ አበዳሪ በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል።

ዕዳን ማስተዳደር እንግዲህ ከመበደር በፊት ይጀምራል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው። ለቪዛና ለትኬት አምጪ የሚላት ሰው ሕግ ያላዘዘባትን ዕዳ እየጫነባት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስሌቱ ተለውጧል። ዶላር 100 ብር ሲገባ ያው 1 ሺህ ሪያል ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በብር የተበደረ ሰው ዕዳው ባለበት ቆሞ ገቢው አደገለት። በዶላር ወይም በሪያል የተዋዋለ ግን ከዚህ የሚያተርፈው የለም። አገር ቤት ኑሮው ስለተወደደ ጭማሪው በአስቤዛ ሊያልቅ ይችላል። ከጭማሪው ቢያንስ ግማሹ ወለዱ ለከበደው ብድር ይዋል። አብዝቶ የሚደውለው አበዳሪ ወለዱ ቀላል ከሆነ ተራውን ይጠብቅ።

የከፈሉትን ማስረዳት አለመቻል ሌላው አደጋ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር፣ አከፋፈሉም ጭምር፣ በመርሕ ደረጃ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ያለ ደረሰኝ በወንድም በኩል የተሰጠ ገንዘብ ነገ ክርክር ሲነሳ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል። በቀጥታ ወደ አበዳሪው የባንክ ሒሳብ ማስገባት፣ ደረሰኙን ማስቀመጥና በየዓመቱ ቀሪውን ዕዳ በፊርማ መተማመን ይሻላል።

ቤት አስይዞ ከባንክ የተበደረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ማስጠንቀቂያውን የሚቀበል ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ ሰው የሚሰጥ ጠቅላላ ውክልና ግን ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ይህንንም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መስጠት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰብ ይነጋገር። የሚላከው ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለሁለት ይከፈል፤ የቤት ወጪና የዕዳ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሁልጊዜ የሚራበው ዕዳው ነው፤ የተራበ ዕዳ ደግሞ በወለድ ይፋፋል። ዕዳዋን በጊዜ የጨረሰች ልጅ የሁለት ዓመት ውሏ ሲያበቃ መቅረትም መመለስም በእጇ ነው።