የነገን ዕዳ የሚያሰላ ባለሙያ

ስለ ጡረታ ሳትሰሙ አትቀሩም። ሠራተኛው ጉልበት ሳለው ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት ይቀነስበታል፤ ሲያረጅ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይከፈለዋል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ የ20 ዓመት ወጣት የሆነ ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ለሚያገኘው ጡረታ ከአሁኑ ምን ያህል ማዋጣት እንዳለበት እንዴት ይታወቃል? ሰውየው ለጡረታ ሳይበቃ ሊሞት ይችላል፤ ወይም መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህን የመሰለውን ጥያቄ በስሌት የሚመልሰው ባለሙያ አክቹዋሪ ይባላል።

የአክቹዋሪ ሙያ የተመሠረተው በአንድ እውነት ላይ ነው። ይኸውም የአንድ ሰው የሞት ቀን አይታወቅም፤ ከብዙ ሺህ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ስንቱ እንደሚሞት ግን መገመት ይቻላል። እድርን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። የእድሩ ዳኛ በሚመጣው ዓመት ከአባላቱ ማን እንደሚሞት አያውቁም፤ ሆኖም ካለፉት ዓመታት መዝገብ ተነሥተው ስንት ለቅሶ ሊደርስ እንደሚችል ይገምታሉ፤ ወርኃዊው መዋጮም በዚያው ልክ ይወሰናል።

ይህንኑ አስተሳሰብ በሰንጠረዥ ካሰፈሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ ነበሩ። ሃሌይ ብሬስላው ትባል ከነበረችውና ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ከምትገኘው ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ አግኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1693 ዓ.ም. የዕድሜ ሰንጠረዥ አሳተሙ። በሰንጠረዡ መሠረት 20 ዓመት ከሞላቸው 598 ሰዎች መካከል እስከ 60 ዓመት የሚደርሱት 242 ብቻ ነበሩ። እነዚያ 242 ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ ሃሌይ ሊናገሩ አይችሉም፤ ቁጥራቸውን ግን መናገር ቻሉ።

ሙያው በመንግሥት ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለመረዳት የአንድ አሜሪካዊ ባለሙያን የሥራ ዘመን እንመልከት። ሮበርት ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለዱ። በ1934 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን እንዳገኙ፣ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያጠና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባቋቋሙት ኮሚቴ ሥር በጀማሪ አክቹዋሪነት ተቀጠሩ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት፣ ብዙ አረጋውያንም ያለ ጥሪት የቀሩበት ነበር።

ከጥያቄዎቹ አንዱ የጡረታ ዕድሜ ስንት ይሁን የሚል ነበር። 60 ቢሆን ወጪው ይከብዳል፤ 70 ቢሆን እጅግ ይዘገያል። 65 ቢሆን ግን በመጠነኛ መዋጮ ሊቻል እንደሚችል ስሌቱ አሳየ። ሕጉ በ1935 ጸደቀ፤ ከ1937 ጀምሮም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ አንድ፣ አሠሪውም እንዲሁ ከመቶ አንድ ማዋጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ወርኃዊ ጡረታ በ1940 የተቀበሉት የቬርሞንት ነዋሪ ወይዘሪት ኢዳ ሜይ ፉለር ናቸው። ፉለር በሦስት ዓመት ውስጥ ያዋጡት ገንዘብ 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ወር ክፍያቸው ብቻ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። እኚህ ሴት እስከ መቶ ዓመታቸው ኖረው በ1975 ሲሞቱ የተቀበሉት ጠቅላላ ገንዘብ ከ22,800 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። ልዩነቱን የሸፈነው በሥራ ላይ የነበሩት ሰዎች መዋጮ ነው። ስለሆነም አክቹዋሪው የሚያስበው ስለ አረጋውያን ብቻ አይደለም፤ ነገ ሠርተው ስለሚያዋጡት፣ ገና ስላልተወለዱትም ልጆች ጭምር ነው። ዛሬም የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና ሒሳብ በየዓመቱ ሲመረመር ወደፊት 75 ዓመት ድረስ ይሰላል።

ማየርስ ከ1947 እስከ 1970 በማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ዋና አክቹዋሪ ሆነው ሠሩ። የምክር ቤት አባላት ጡረታ ይጨመር ባሉ ቁጥር ጭማሪው የሚያስከትለውን ወጪ አስልቶ መንገር የእርሳቸው ተግባር ነበር። በ1970 ግን የበላይ ኃላፊዎቻቸው ፕሮግራሙን ከሚገባው በላይ ሊያስፋፉ ይሻሉ ብለው በግልጽ ተቃወሙ፤ ሥራቸውንም በፈቃዳቸው ለቀቁ። ፕሮግራሙ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ጉዳይ ሰዎች በየአቋማቸው የሚከራከሩበት ነው፤ ወጪው ስንት ነው የሚለው ግን ስሌትን ይጠይቃል። አክቹዋሪ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዓመታት በኋላ የጡረታው ገንዘብ ሊነጥፍ ሲቃረብ ማየርስ እንደገና ተፈለጉ። ከ1982 እስከ 1983 መፍትሔ እንዲፈልግ የተሰየመውን ብሔራዊ ኮሚሽን በሥራ አስፈጻሚነት አገለገሉ። በ1983 የወጣው ሕግ የጡረታውን ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ከፍ አደረገ። ነገር ግን ለውጡ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም አልነበረም። ሙሉ በሙሉ የሚመለከተው በ1960 እና ከዚያ በኋላ የተወለዱትን በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ 67 ዓመት የሚሞላቸው በ2027 ነው። ሕጉ ሲወጣ እነዚህ ሰዎች ገና የ23 ዓመት ወጣቶች ስለነበሩ ኑሯቸውን አስቀድመው ለማሰናዳት ጊዜ አገኙ። ማየርስ በ2010 በ97 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ለሕዝብ ቃል መግባት ቀላል እንደሆነ፣ ቃሉ ስንት እንደሚያስወጣ አስቀድሞ አስልቶ በእውነት መናገር ግን ዕውቀትንም ድፍረትንም እንደሚጠይቅ ከዚህ ትረዳላችሁ። ከመካከላችሁ «ሒሳብ ተምሬ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ቢኖር፣ ደመወዙን አምኖ ለነገ የሚያስቀምጠውን ሠራተኛ ያስብ። ስሌቱ ከተሳሳተ ያ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና ሠርቶ የጎደለውን ሊሞላ አይችልም።