ጳጉሜን የማያውቀው ቅጽ፦ የክርስትና ምዝገባና የቀን ስሌት

ልጃቸው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ተወልዶ፣ ክርስትናው ግን አያቶቹ ባሉበት በደብረ ታቦር ወይም ከጣራ ገዳም አቅራቢያ በአዲስ ዘመን እንዲፈጸም የሚሹ ቤተሰቦች አሉ። ከሩቅ ላሉት ምዝገባውን በጎግል ፎርም ማድረግ ድካምን ይቀንሳል። ሆኖም የቅጹ የቀን መጠየቂያ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ስለ ሆነ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁበትን ዕለት ሊያዛባብን ይችላል።

ጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ የሚሞላ ወላጅ ቅጹ አይቀበለውም። ጥቅምት 30ን በ2ኛው ወር የጻፈም እንዲሁ ይመለሳል፤ ቅጹ 2ኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ያነበዋልና። እነዚህስ ወዲያው ይታያሉ። የሚያስፈራው ቅጹ ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን «12/3/2018» ተብሎ ቢሞላ፣ ማርች 12 ቀን 2018 ተብሎ ይመዘገባል፤ አራስ የነበረው በመዝገቡ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የቀን መጠየቂያውን አውጥተን በምትኩ ሦስት ተመራጭ ዝርዝሮችን እናስገባ፦ ቀን ከ1 እስከ 30፣ በስማቸው የተጻፉ 13ቱ ወራት፣ ዓመተ ምሕረት። ፎርሙ ራሱ ስሌት አይሠራም፤ ስሌቱ መልሶቹ በሚጠራቀሙበት በጎግል ሺት ላይ ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች 40 ቀን ይደምራሉ። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን የልደት ዕለት ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከዘመነ ዮሐንስ በቀር የጌታችን ልደት ታኅሣሥ 29፣ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓለ ስምዖን ደግሞ የካቲት 8 ይከበራል፤ ታኅሣሥ 29ን አንድ ብለን ብንቆጥር የካቲት 8 አርባኛው ቀን ነው። ዕርገትም ከትንሣኤ እሑድ ጀምሮ ሲቆጠር በ40ኛው ቀን ሐሙስ ይውላል። እንግዲህ የሚደመረው ለወንድ 39፣ ለሴት 79 ነው።

ወራቶቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ይቀላል። ለወንድ 1 ወር ከ9 ቀን፣ ለሴት 2 ወር ከ19 ቀን እንጨምራለን፤ ቀኑ ከ30 ከበለጠ 30 ቀንሰን ወሩን በአንድ እናሳድጋለን። የሚያስቸግረው የዘመን መለወጫ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን በዚህ ስሌት ጥቅምት 20 ላይ ታርፋለች፤ በመካከል ያለፉትን 5 የጳጉሜን ቀናት ስንቀንስ ትክክለኛው ቀን ጥቅምት 15 ይሆናል። ስሌቱ መስከረም 4 ላይ ቢያርፍስ? ያ ሕፃን የሚጠመቀው ጳጉሜን 4 ነው።

ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። ባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ 3 ሲቀር ሉቃስ ይላል፤ 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሺቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈል ይበቃል። 2015 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች። (በዓላትን ለማውጣት መንበሩን ስንፈልግ ግን የምናካፍለው ለ19 ስለ ሆነ 5500ን መተው አይቻልም።)

ስለ ቅጹ መልክ ጥቂት እንበል። በራስጌው ትልቅ ሥዕል መለጠፍ ኔትወርክ በሚደክምበት አካባቢ ቅጹን ያዘገያል፤ ነጭ መደብና ጥቁር ፊደል ይሻላል። «የክርስትና ስም» የሚለውን ግዴታ ማድረግም አይገባም፤ ስሙ የሚሰጠው በጥምቀቱ ዕለት ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን «ሕፃኑ ታሟልን?» የሚል ጥያቄ ይቅደም። «አዎ» ያለውን ወላጅ ቅጹ የአጥቢያው ካህን ስልክ ወደ ተጻፈበት ክፍል በቀጥታ እንዲወስደው ማድረግ ይቻላል። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ያገኘው ሕፃን 40 ወይም 80 ቀን አይጠበቅለትም።