ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለሚሄዱ ወላጆች

ለትንሣኤ በዓል ከጉለሌ ወደ ኢየሩሳሌም የወረዱ አክስቴ፥ «የኢትዮጵያ ገዳም ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ወደ ደብረ ገነት መሩዋቸው። ጓደኞቻቸው ግን በዴር ሱልጣን ይጠብቋቸው ነበርና፥ የስቅለትን ስግደት ተለይተው ሰገዱ።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ከስንቁ ጋራ የሁለቱንም ስም በወረቀት ጽፎ ይስጥ። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ነው። ዴር ሱልጣን ግን በቅጥሩ ውስጥ፥ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ነው፤ ከዚያ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች በኩል በደረጃ ወደ ጎልጎታ አደባባይ ይወረዳል። ጉልበቱ የደከመ ሰው ምርኩዙን አይርሳ።

ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ አብዛኛው አውቶቡስ ይቆማል። የሰዓቱም አቈጣጠር ሌላ ነው፤ በዚያ ጧት 8 ሰዓት ቢባል በእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። በሰገነቱ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ጋቢም አይቅር።