ሸክሙ እንጂ ተሸካሚው አይታይም

በካናዳ፣ አልበርታ ካለችው ከኦኮቶክስ ከተማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ ቢነዱ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የተጣለ፣ የተሰነጠቀ ግዙፍ ድንጋይ ያገኛሉ። ክብደቱ 16,500 ቶን ገደማ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ በብላክፉት ቋንቋ ድንጋይ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ድንጋዩ ግን የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ ከጃስፐር ተራሮች ተንዶ በበረዶ ግግር ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው። በረዶው ቀልጦ ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተሸካሚ እንደነበረ የምናውቀው ከሸክሙ ነው።

የጋላክሲ ተመራማሪዎችም ሥራ ይኸው ነው። በ1933 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፍሪትዝ ዝቪኪ በኮማ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ የጋላክሲዎቹ ፍጥነት ከሚታየው ቁስ የስበት አቅም በላይ መሆኑን አይቶ የማይታይ፣ ጨለማ ቁስ አለ ቢል ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ሽክርክሪት ለኩ፤ ከመሃሉ የራቁት የጋዝ ደመናዎች መዝገም ሲገባቸው አልዘገሙም፤ የማይታይ ነገር ይስባቸዋል ማለት ነው።  

ቀስ በቀስ ጥያቄው “አለ ወይ?” ከማለት “ስንት ነው? የት ተቀምጧል?” ወደ ማለት ዞረ። እዚህ ላይ የ1985ቱን የቫን አልባዳና የባልደረቦቹን ጥናት የሚያህል የለም። ኤንጂሲ 3198 የተባለችው ጋላክሲ እስከ ዳሯ ድረስ በሴኮንድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች። ሒሳቡን በምሳሌ እንሞክረው። አንድ ቦታ ላይ የሚታዩት ከዋክብትና ጋዝ ብቻቸውን 90 ይሰጣሉ እንበል። የጎደለው 60 ይመስላል፤ አይደለም። የሚደመሩት የፍጥነቶቹ ካሬዎች ናቸው፤ ከ22,500 ላይ 8,100 ሲነሳ 14,400 ይቀራል፤ የጨለማው ድርሻ 120 ሆነ ማለት ነው። አሁን ከዋክብቱን ከበድ አድርገን 120 እንስጣቸው፤ ጨለማው ወደ 90 ይወርዳል። ሁለቱም ሞዴሎች የተለካውን 150 ይሰጣሉ! ኮከብ ሚዛን ላይ አይወጣምና ክብደቱ ከብርሃኑ ይገመታል፤ በግምቱ የተሳሳተ ጨለማውንም ይስታል። እነቫን አልባዳ ለከዋክብቱ የሚቻለውን ከፍተኛ ክብደት ሰጥተው እንኳ፣ በተለካው ክልል ውስጥ ጨለማው ቢያንስ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1996 ናቫሮ፣ ፍሬንክና ዋይት ጨለማ ቁስ ወደ መሃል እየጠበቀ እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀመር አወጡ፤ ትናንሾቹ ጋላክሲዎች ግን እሺ አላሉም፣ የብዙዎቹ መሃል ሳስቶ ተገኘ። በ2015 ካይል ኦማን ከናቫሮና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ከጃስፐር ተራሮች ማዶ ባለው በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቁ የሽክርክሪት ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ጋላክሲዎች እንኳ ውስጣቸው ሲታይ መለያየታቸውን አሳየ። የሚፈነዱ ከዋክብት ጋዙን እየገፉ መሃሉን ያሳሱታል የሚሉ አሉ። ያስኬዳል፤ ግን ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት እየሆነ ነው።

ይበልጥ የሚከነክነኝ የ2016ቱ ነው። ማጎና ባልደረቦቹ ከ150 በላይ ጋላክሲዎችን የከዋክብትን ክብደት ለመገመት በሚሻለው በኢንፍራሬድ ብርሃን መርምረው፣ ጠቅላላው ስበት የሚታየውን ቁስ እንደ ጥላ ተከትሎት አገኙት። አብላጫው ጨለማ ከሆነ፣ ጥቂቱ እንዴት ብዙውን ይመራል? የፊዚክስ ሊቁ ሚልግሮም በ1983 ጨለማ ቁሱን ትታችሁ የስበቱን ሕግ አስተካክሉ ብሎ ነበር። የእሱም ሐሳብ በጋላክሲዎች ክምችት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ስለዚህ እኔ አሁንም ወደ ጨለማ ቁስ አደላለሁ።

ከኦኮቶክስ አንድ ሰዓት ገደማ በመኪና ቩልካን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ ከሮማውያን አምላክ የተወሰደ ነው። ቁስ እንጨምር ወይስ ሕግ እናስተካክል የሚለው ጥያቄም ከዚህ ስም ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለቬሪየር በ1846 የዩራነስን መዛነፍ አስልቶ ኔፕቱን ባለበት ቦታ ተገኘለት። በ1859 ደግሞ የሜርኩሪን መዛነፍ አይቶ ሌላ ያልታየ አካል አለ አለ፤ ቩልካን ተባለ፣ ተፈለገ፣ ታጣ። በ1915 አንስታይን የስበቱን ሕግ ሲያስተካክል ፍለጋው ቀረ። ጨለማ ቁስ እንደ ኔፕቱን ይሁን እንደ ቩልካን ገና አልታወቀም። የጨለማ ቁስን ቅንጣት ከሚያድኑት አንዳንዶቹ በኦንታሪዮ፣ ሰድበሪ አጠገብ፣ በኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ፈሳሽ አርጎን ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። እስካሁን አልያዙም።