የልጆቻችንን ቅጂ ስም የምትቆርጥ ትንሽ ስሕተት

ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች ምናልባት ይህን አይታችሁ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር በዓምድ በዓምድ ተደርድሮ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከድምፅ ማጉያው ደግሞ ሙዚቃ ይሰማል። የሒሳብ ሰንጠረዥ ይምሰል እንጂ የዜማ መሥሪያ ነው፤ «ትራከር» ይባላል። ለዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ስም የሰጠውን ሥራ ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1987 አሚጋ ለሚባለው ኮምፒውተር አዘጋጀው። ዛሬ በነፃ የሚገኙ፣ በአሮጌ ላፕቶፕም የሚሠሩ በርካታ ትራከሮች አሉ።

ልጁ አጫጭር ድምፆችን ይቀዳል፤ ለእያንዳንዱም ስም ያወጣለታል። ከዚያ የትኛው ድምፅ በየትኛው መስመር ላይ፣ በምን ያህል ቅጥነት ወይም ውፍረት እንደሚሰማ ይጽፋል። አንዱ ገጽ ብዙውን ጊዜ 64 መስመር ነው። አንዲት የዋሽንት ድምፅ ብቻ ብትኖረው እንኳ እያቀጠነና እያወፈረ ሙሉ የትዝታ ዜማ ሊያወጣባት ይችላል።

ዜማን በፊደል መጻፍ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት እያለ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፈውን የድጓ ምልክት አያቶች ታውቁታላችሁ።

ወደ ስሕተቷ ልምጣ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ጎንደር ነው። በክረምቱ ዕረፍት ድብ ባሕር፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ካለው የአያቶቹ ቤት ከርሞ ሲመጣ፣ በስልኩ ሦስት ድምፅ ይዞ መጣ፦ የአያቱን ዋሽንት፣ የአጎቱን ከበሮና የእናቴን እልልታ። ድምፆቹን ወደ አንድ ነፃ ትራከር አስገብቶ «የድብ ባሕር ዋሽንት»፣ «የድብ ባሕር ከበሮ»፣ «የድብ ባሕር እልልታ» ብሎ ሰየማቸው። ስልኩ ሞልቶበት ስለነበር ከስልኩ ላይ አጠፋቸው።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ሲከፍት ሦስቱም ስሞች አንድ ሆነው ጠበቁት፤ «የድብ ባሕር» ይልና ከኋላው የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ።

«አባዬ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ አስገብቼዋለሁ መሰለኝ። ሁለቱን ልሰርዛቸው።»

«መጀመሪያ አዳምጣቸው» አልኩት።

ሦስተኛው የእናቴ እልልታ ነበር። ዕድሜዋ ከ80 አልፏል፤ መንገዱም በፈለግነው ጊዜ የሚኬድበት አይደለም። ያ ድምፅ ቢሰረዝ ኖሮ ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ስሞቹ የተቆረጡበት ምክንያት እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባል መለኪያ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲበቃው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። በድሮው የትራከር ፋይል ለዘፈኑ ርእስ 20፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ስም ደግሞ 22 ባይት ብቻ ተመድቧል። «የድብ ባሕር» ስድስት ፊደል ስለሆነ 18 ባይት ነው፤ በመካከሉና በመጨረሻው ያለው ክፍት ቦታ ሲጨመር 20 ይሆናል። የቀረው 2 ባይት ነው። «ዋ» ብትሉ «ከ» ብትሉ «እ» ብትሉ፣ እያንዳንዱ 3 ይፈልጋልና ፊደሉ መካከሉ ላይ ተቆርጦ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ልዩነቱን የሚናገረው ቃል ደግሞ ጨርሶ ቀረ።

ክፋት የለበትም። አሠራሩ ሲወጠን ፊደላችን ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ አልነበረም። የገባው ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የዜማ ምልክቶቹም በ2005 ተጨመሩ። ሆኖም ዛሬ የሚሠራ ፕሮግራም ቢያንስ «ስሙ ረዝሟል» ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል። ሙዚቃው ሳይበላሽ ስም ብቻ ሲቆረጥ ባለሙያዎች ጥቃቅን ስሕተት ይሉታል። ለቤተሰብ ግን ስሙ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚነግረን ነገር ነው።

እኛ ቤት የሚከተለውን ደንብ አውጥተናል፤ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ የሚለየው ቃል ይቅደም፤ «ዋሽንት» ይባልና ቦታው ከኋላ ይምጣ። ስሙም ከሰባት ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሰባት ፊደል 21 ባይት ስለሆነ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቅጂ በሌላ ቦታ፣ በፍላሽም ቢሆን፣ ሳይቀመጥ ከስልክ አይጥፋ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ስሕተቱን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ይጻፍላቸው። ብዙዎቹ ነፃ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ጥቆማ ይቀበላሉ። ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ በቅደም ተከተል ይግለጽ፤ የትኛውን የፕሮግራሙን እትም እንደሚጠቀምም ይጨምር። ልጄ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሁለት ምሽት ፈጅቶበታል። መልስ ገና አልመጣም፤ ነገር ግን «ተበላሸ» ብሎ ከመተው ይልቅ ብልሽቱን አጥርቶ መናገርን ተምሮበታል።

አራተኛው ለአያቶች ነው። የልጅ ልጃችሁ ስልኩን አውጥቶ «ልቅዳችሁ» ሲል፣ ከመዝፈናችሁ ወይም እልል ከማለታችሁ በፊት ስማችሁን፣ አገራችሁንና ቀኑን ተናገሩ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ስም ቢቆረጥ እንኳ፣ የከፈተው ሁሉ ማን እንደሆናችሁ ከራሳችሁ አንደበት ይሰማል።